«ዋይንድ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ፍችና አመጣጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



በዚህ መድረክ ላይ ቀደም ብለው የተነገሩት ንግግሮች አብዛኛዎቹ ስለ ታላላቅ ነገሮች ነበሩ። ስለ እርሻ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሕዝብ ጤና ሰምተናል፤ ከሰማንም በኋላ እስኪመሽ ድረስ ተከራክረናል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ግን አራት ፊደል ብቻ ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ጊዜ «ለአንድ ቃል ይህን ያህል ሰዓት!» ብለው የሣቁ ወንድሞች እንደ ነበሩ ደርሶናል። ሣቁ አላስቀየመንም። ነገር ግን በአገራችን ቋንቋዎች አፋችንን ፈትተን በእንግሊዝኛ የምንማር ሰዎች ስለ ሆንን፣ በቀን ውስጥ ከምናላምጠው እንጀራ ይልቅ የምናላምጠው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይበዛ አይቀርም። ከነዚህ ሁሉ ቃሎች አንዱን እንኳ አቁመን «አንተ የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» ብለን ብንጠይቀው ጊዜያችሁን አባከናችሁ የሚያሰኘን አይመስለንም።

ቃሉ «ዋይንድ» ነው። ሲጻፍ በደብልዩ፣ በአይ፣ በኤንና በዲ ነው። ፍችው መጠምጠም፣ መጠቅለል፣ መጠምዘዝ ነው ብለን ብንጀምር ለጊዜው ይበቃናል። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አንድ ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ይህን ቃል ቢፈልግ በእነዚያው በአራቱ ፊደላት የተጻፈ ሌላ ቃል አጠገቡ ተቀምጦ ያገኛል። ይህኛው «ዊንድ» ተብሎ ይነበባል፤ ፍችውም ነፋስ ነው። ዐውሎ ነፋስ አቧራውን እያሽከረከረ ሲሄድ ያየ ሰው «እንግዲያውስ ነፋስና መጠምዘዝ ዘመዳሞች ናቸው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ሁለቱ ቃሎች በመልክ መንትያ ይምሰሉ እንጂ በሥጋ አይገናኙም። ነፋሱ «ዊንድ» የላቲኑ «ቬንቱስ» ዘመድ ነው፤ ሁለቱም መንፈስን ከሚያመለክት እጅግ ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው። በየአዳራሹ ጣራ ሥር የምናየው አየር ማዘዋወሪያ፣ ያ «ቬንቲሌተር» የምንለው፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከላቲኑ ቤት ነው። የእኛው «ዋይንድ» ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊንዳን» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ይኸውም መዞር፣ መጠምዘዝ፣ መጎንጎን ማለት ነበር።

«ዊንዳን» ወንድምና እኅት ነበረው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ቪንደን» ይላሉ፤ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በጥንቱ ቋንቋቸው «ቪንዳ» ይሉ ነበር። ከወገኖቹ ሁሉ አስቀድሞ በሰፊው የተጻፈው የጎቶች ቋንቋ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ማለት የእኛው ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ክርስትናን በተቀበለበት መቶ ዓመት፣ ዉልፊላ የሚባል ጳጳስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎቶች ቋንቋ ተረጐመ። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 ቍጥር 7 ላይ ድንግል ማርያም የበኵር ልጇን በጨርቅ መጠቅለሏን የገለጸው በዚሁ ቃል ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ቦታ ገልጦ ያየ ሰው «ጠቀለለ» የሚለውን ግሥ ያገኛል። ይህን ግሥ ልብ እንበለው፤ ኋላ ይፈለጋል።

በእንግሊዞችም ዘንድ ቃሉ የክብር ቦታ ነበረው። «ቤዎልፍ» የተባለው ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም፣ የእጅ ጽሑፉ 1000 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ንጉሡ ለጦረኞቹ የሚሸልመውን ወርቅ «የተጠመዘዘ ወርቅ» ብሎ ይጠራዋል። አምባሩና የአንገቱ ቀለበት የሚሠራው ወርቁ ተጠምዝዞ ስለ ነበረ ነው። የመርከቡም አፍንጫ እንደዚሁ በዚህ ቃል የተገለጸ ነው፤ ወደ ላይ የተቈለመመ ለማለት። እንግዲህ ቃሉ ከፈታይ እጅ እስከ ንጉሥ ግምጃ ቤት ገብቶ ይወጣ ነበር ለማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ንባቡ እንመለስ። ሁለቱ ቃሎች ከመጀመሪያው ባዕዳን ከሆኑ ስለ ምን አንድ ዓይነት ተጻፉ? መልሱ ቀላል ነው፤ በጥንት ጊዜ የነፋሱ «ዊንድ» እና የግሡ ሥር በአፍም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁለቱም በአጭር «ኢ» ይነገሩ ነበር። ኋላ ግን ከኤንና ከዲ በፊት ያለው ድምፅ እየረዘመ ሄደ። ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ረጅሙ «ኢ» በእንግሊዝ አገር ሁሉ ወደ «አይ» ተለወጠ። «ፋይንድ»፣ «ባይንድ»፣ «ግራይንድ»፣ «ካይንድ»፣ «ማይንድ» የምንላቸው ሁሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። «ዋይንድ»ም ከእነርሱ ጋር መጣ።

በዚህ ሕግ መሠረት ነፋሱም «ዋይንድ» መባል ነበረበት። እውነትም እንግሊዞቹ ባለቅኔዎች ለብዙ ዘመን ነፋሱን ከ«ካይንድ» ጋር ቤት ያስመቱት ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን በተራው ሰው አነጋገር አጭሩ «ዊንድ» አሸነፈ። ምክንያቱ «ዊንድሚል» (የነፋስ ወፍጮ) እና «ዊንዲ» (ነፋሻ) በሚሉት ቃሎች ውስጥ ድምፁ አጭር ሆኖ ስለ ቆየ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አስተያየቱ ለእኛም ደኅና መስሎ ታይቶናል። በዚህ መካከል ዊሊያም ካክስተን በ1476 ማተሚያ መኪናውን በዌስትሚንስተር ተክሎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ እየጸና ሲሄድ ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነበር። ፊደሉ ቆመ፤ ድምፁ ሄደ። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጣጣ ከዚህ የሚነሣው ብዙ ነው።

ይህን ነገር ያለ ምክንያት አላነሣንም። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን፣ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት ከአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት የመጣ፣ በመጀመሪያው ዓመት በክፍል ውስጥ ቆሞ እንዲያነብ ታዘዘ። ጽሑፉ ተራራ ላይ እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ መንገድ የሚናገር ነበር። ወንድማችን «ዊንድ» ብሎ አነበበ፤ መንገዱን ነፋስ አደረገው። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ሣቁ በዚያው ቢያበቃ ጥቂት ነገር ነበረ፤ ነገር ግን ለብዙ ቀን በምግብ አዳራሽ ባለፈ ባገደመ ቍጥር «ዊንድ መጣ፣ መስኮት ዝጉ!» ይሉት ጀመር። ያ ልጅ በሒሳብ የሚወዳደረው አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን በእንግሊዝኛ ክፍል እጁን ዳግመኛ ሲያነሣ ያየው የለም።

እኛ የምንለው ይህን ነው። ወንድማችን ያነበበው ፊደሉ የነገረውን ነው። ከአራቱ ፊደላት መካከል «እኔን አይ ብለህ አንብበኝ» የሚል አንድ ምልክት እንኳ የለም። የሣቁትም ቢሆኑ ንባቡን ያወቁት ከፊደሉ አይደለም፤ ቀደም ብሎ ያነበበላቸው መምህር ስለ ነበራቸው ነው። መምህር ቀድሞ የደረሰለትና ያልደረሰለት ሰው የሚለያዩት በዕድል ነው፤ ዕድልን ደግሞ ዕውቀት ብሎ መጥራት አይገባም። ቃሉ ገና አላበቃምና የሣቁት ወንድሞች የኃላፊ ጊዜውንም ያንብቡልን። የ«ዋይንድ» ኃላፊ ጊዜ «ዋውንድ» ይባላል፤ እንደ «ፋይንድ፣ ፋውንድ» ማለት ነው። በዚያው ፊደል፣ አንድም ሳይጐድል አንድም ሳይጨመር የሚጻፈው ቍስል ግን «ዉንድ» ይባላል። ስለዚህ «ነርሷ ቍስሉን በፋሻ ጠመጠመችው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ዓይነት ያነበዋል። በዚህ የማይደናቀፍ የውጭ አገር ሰው ካለ እግሩን ማየት እንወዳለን።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ነገር ነው። ሁላችንም በልጅነታችን «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ይዘናል። ሄደ ለማለት «ጎ» ከሚለው እንዴት አድርጎ «ዌንት» እንደሚወጣ የጠየቀ ተማሪ ኖሮ ከሆነ የተሰጠው መልስ «እንዲሁ ነው፣ ሸምድደው» የሚል ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲሁ አይደለም። «ዌንት» የ«ጎ» ልጅ አይደለም፤ የ«ዋይንድ» የልጅ ልጅ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እኛ «ዞረ» ካልን በኋላ «አዞረ» እንደምንል፣ የጥንት እንግሊዞችም «ዊንዳን» ካሉ በኋላ በውስጡ ያለውን ድምፅ ለውጠው «ዌንዳን» ይሉ ነበር፤ ማዞር፣ መመለስ ማለት ነው። መንገዱን ወደዚያ አዞረ፣ ፊቱን ወደዚያ መለሰ ሲሉ ቆይተው ትርጓሜው እየሰፋ ሄደና «ዌንድ» ማለት መሄድ ማለት ሆነ። የዚህ ግሥ ኃላፊ ጊዜ «ዌንት» ነበር። በዚያ ዘመን «ጎ» የሚለው ግሥ ከእርሱ ጋር የማይመሳሰል «ኤኦደ» የሚል የራሱ የሆነ ኃላፊ ጊዜ ነበረው። «ኤኦደ» እየተዳከመ ሲሄድ በደቡብ እንግሊዝ ሰዎች «ዌንት»ን ከባለቤቱ ወስደው ለ«ጎ» ሰጡት። በ1500 ገደማ ነገሩ አለቀ። የስኮትላንድ ሰዎች ግን ይህን ውሰት አልወደዱትም፤ ከ«ጎ» ራሱ «ጌድ» የሚል ኃላፊ ጊዜ አበጁ። ልጁን የተነጠቀው «ዌንድ» ደግሞ በስተርጅናው «ዌንድድ» የሚል ሌላ ልጅ ወለደ። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ «ትናንት ገበያ ሄድሁ» ሲል፣ ቃሉን እስከ ሥሩ ብንቈፍረው፣ የሚናገረው «ትናንት ወደ ገበያ ዞርሁ» ነው።

ይህ ነገር እንግዳ ሆኖ የሚታየው ካለ የገዛ አፉን ያዳምጥ። በአማርኛ «መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት» እንላለን። ወንድማችንን ስንጠራው ግን ምን እንላለን? «ምጣ» ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም፤ «ና» ነው የምንለው፤ እኅታችንን «ነይ»። ስንከለክል ግን እንደ ገና «አትምጣ» እንላለን። እንግዲህ «ና» ከ«መጣ» ጋር የአንድ ቤት ልጅ አይደለም፤ ከሌላ ቤት መጥቶ በዚያ ቤት ያደገ ነው። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ «ይህ ከወዴት መጣ?» ብሎ ሲጠይቀን «እንዲሁ ነው፣ ሸምድደው» እንለዋለን። ብድራችንን መለስን ማለት ነው።

የ«ዋይንድ» ሌሎች ዘመዶች በየመንገዱ አሉ። መንከራተት፣ ያለ ግብ መዞር የሚባለው «ዎንደር» አንዱ ነው፤ መደነቅ ከሚለው «ዋንደር» ጋር እንዳይምታታብን እንጂ። «ዎንድ» የሚባለው ቀጭን በትር፣ ዛሬ የምትሐተኛ በትር ሆኖ የቀረው፣ በመጀመሪያ እንደ ልብ የሚጠመዘዝ ለምለም ቅርንጫፍ ነበር። ጀርመኖች ግድግዳን «ቫንት» ይሉታል፤ የጥንቱ ቤታቸው ግድግዳ ቅርንጫፍ ተጐንጕኖ ጭቃ የሚመረግበት ስለ ነበረ ነው። ማገር ሲታሰርና ጭቃ ሲለሰን ያየ የአገራችን ልጅ ይህን ቃል ከበርሊን ተማሪ ይልቅ ቶሎ የሚረዳው ይመስለናል። ከጕድጓድ ውኃ የሚሳብበትና መርከበኞች መልሕቅ የሚያወጡበት ገመድ መጠምጠሚያ «ዊንድላስ» ይባላል፤ ይህም ከሰሜን ሰዎች «ቪንዳ» ከሚለው ቃልና «ምሰሶ» ከሚል ሌላ ቃል ተጋጥሞ የመጣ ነው።

«ዊንዶው»፣ ማለት መስኮት፣ ከዚህ ቤተ ዘመድ አይደለም፤ የነፋሱ ወገን ነው። የሰሜን ሰዎች «ቪንድአውጋ» ይሉት ነበር፤ «የነፋስ ዐይን» ማለት ነው። መስተዋት የሌለበት የግድግዳ ቀዳዳ ከዚህ የተሻለ ስም ሊያገኝ አይችልም። በሁለቱ ወገኖች መካከል አንድ ጊዜ ጋብቻ መደረጉንም ሳንነግራችሁ አናልፍም። ቀንደ መለከት መንፋት በትንፋሽ ስለሚሆን ግሡ የወጣው ከነፋሱ «ዊንድ» ነው፤ ሆኖም ሰዎች ከጊዜ በኋላ «ዋይንድ» ብለው ያነቡት፣ ኃላፊ ጊዜውንም «ዋውንድ» ይሉት ጀመር። እንግሊዞቹም ራሳቸው ተምታተዋል ማለት ነው። እነርሱን ግን በምግብ አዳራሽ የሣቀባቸው የለም።

አሁን «ዋይንድ አፕ» ወደሚለው እንምጣ። የሕግና የንግድ ተማሪዎች ጆሯችሁን ስጡን።

የአውሮፓ የማማ ሰዓቶች ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚሠሩት በክብደት ነበር። ከባድ ነገር በገመድ ይንጠለጠላል፤ ገመዱ በከበሮ መሳይ እንጨት ላይ ይጠመጠማል፤ ክብደቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ሰዓቱን ያንቀሳቅሰዋል። ክብደቱ ታች ሲደርስ አንድ ሰው ገመዱን እንደ ገና እየጠመጠመ ወደ ላይ ይመልሰዋል። «አፕ» የተባለው ስለዚህ ነው። ኋላ ክብደቱ ቀርቶ የሚጠመዘዝ ብረት በሰዓቱ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም። ጆን ሃርውድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1920ዎቹ ዓመታት በክንድ መወዛወዝ ራሱን የሚጠመጥም የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላም ቃሉ እንዳለ ቀረ። በአማርኛ ግን እኛ ሰዓት አንጠመጥምም፤ ሰዓት እንሞላለን። ማሰሮ እንደ መሙላት ነው። እንግሊዛዊው ያየው እጁ የሚሠራውን ነው፤ እኛ ያየነው ሰዓቱ የሚያገኘውን ነው። ማን ይበልጥ ብልኅ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ለእኛ ግን የእኛው ይጣፍጠናል።

የሰዓቱ ብረት ሲጠብቅ ስላዩ ልቡ የተወጠረን ሰውም «ዋውንድ አፕ» ይሉታል። በሌላ ወገን ደግሞ ፈታይ ሥራዋን ስትጨርስ የቀረውን ክር ጠቅልላ ታነሣለች፤ ከዚህም «ዋይንድ አፕ» ማለት መጨረስ ማለት ሆነ። በ1848 በእንግሊዝ አገር የአክሲዮን ኩባንያዎች ሒሳባቸው ተጣርቶ ስለሚዘጉበት ሁኔታ የወጣው ሕግ ርእሱ ላይ ይህንኑ ቃል ይዟል፤ እስከ ዛሬም የሕግ መጻሕፍቱ ይሉታል። እንግዲህ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ምን ያድርግ? ሰዓት «ዋይንድ አፕ» ሲደረግ ሥራ ይጀምራል፤ ኩባንያ «ዋይንድ አፕ» ሲደረግ በሩ ይዘጋል። መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ ወደ ሕግ መጽሐፍ የገባ ሰው የከሰረውን ነጋዴ ሱቁን ያስከፍተዋል።

«ዋይንድ አፕ» ሌላም ፍች አለው፤ ብዙ ዞሮ በመጨረሻ አንድ ቦታ መድረስ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» እያልን ያደግን ስለ ሆንን ከመዞር መጨረሻ እንደሚወጣ ማንም ሊያስተምረን አይገባም። ይህን የእንግሊዝኛ ፍች «ዞሮ ዞሮ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ከሁሉ ይልቅ የተሳካለት ይሆናል።

ይህን ሁሉ የተናገርነው ለማጌጫ ብቻ አይደለም። ዋናው ነገራችን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በመሐንዲስነት የሚማሩ ወንድሞቻችን በሞተርና በትራንስፎርመር ውስጥ ያለውን የመዳብ ሽቦ «ዋይንዲንግ» ይሉታል። በዚህ ነገር ላይ ባለፈው ጊዜ በመኝታ ቤት ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን «አማርኛ ለእንዲህ ያለ ነገር ቃል የለውም፤ የሳይንስ ቋንቋ አይደለምና ነገሩ አይገርምም» አለ። እኛ ይህን አነጋገር አልተቀበልንም፤ ዛሬም አንቀበልም።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛውስ ቃሉን ከወዴት አመጣው? ሚካኤል ፋራዴይ በ1831 በነሐሴ መጨረሻ የኤሌክትሪክን መነሣሣት በፈተነ ጊዜ የያዘው አንድ የብረት ቀለበት ነበር። በቀለበቱ በአንዱ ወገን ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠመ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ ሽቦ ጠመጠመ። ሽቦው ከሽቦ እንዳይነካካ በመካከሉ ያደረገው ሲባጎና የጥጥ ጨርቅ ነው። ይህን ቀለበት ለአንዲት ፈታይ ብናሳያት ምን እንደ ተደረገ ሳትጠይቅ ታውቀዋለች። የዛሬው ትራንስፎርመር ያው ነው። በአንዱ ወገን 1000 ጊዜ፣ በሌላው ወገን 100 ጊዜ የተጠመጠመ እንደ ሆነ 220 ቮልት የገባው 22 ቮልት ሆኖ ይወጣል። እንግሊዞች ለዚህ ነገር ከግሪክና ከላቲን አዲስ ቃል አልፈለጉም፤ የፈታይን ቃል አንሥተው ሰጡት። የሳይንስ ቃል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛም፣ በአገራችን ቃሉ ከተገኘ ቆይቷል። ያገኙት ግን እኛ አይደለንም። የተቃጠለ ሞተር የሚያድሱት የእጅ ባለሙያዎች ሥራቸውን «ሞተር ጥቅለላ» ይሉታል። እኛ በላቦራቶሪ ውስጥ «ዋይንዲንጉ ተቃጠለ» ስንል እነርሱ በጠባብ ሱቃቸው ተቀምጠው፣ እጃቸው በቅባት ጠቍሮ፣ ሞተሩን ይጠቀልላሉ፤ በአማርኛም ይነጋገሩበታል። ዉልፊላ ለሕፃኑ መጠቅለያ ያዋለው ቃልና እንግሊዛዊው መሐንዲስ ለሽቦው የሚያውለው ቃል አንድ መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል። የአማርኛው «ጠቀለለ»ም ከሉቃስ ወንጌል ተነሥቶ ያለ ማንም መሪነት ከሞተር ቤት ደርሷል።

«ጠቀለለ» ደግሞ በዚህ አላቆመም። ክፍሉ ሁሉ አንድ ላይ ሲጠቀለል «ጠቅላላ» ሆነ። ሁሉን በእጁ የጠቀለለው «ጠቅላይ» ተባለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዚህ ወጡ። አንድ ሚኒስትር ማዕርጉን ከአንድ የጥጥ ልቃቂት ጋር እንደሚጋራ ቢነገረው ምን እንደሚል አናውቅም። ክር የሚጠነጠንበትም ግሥ እንደዚሁ ነው። «የታሪኩ ሐሳብ በዚህ ላይ ያጠነጥናል» ስንል ያየነው በመካከሉ ያለውን ነገር፣ በዙሪያውም የሚጠመጠመውን ክር ነው። እንግሊዝኛ ከእንዝርትና ከክር ብዙ ሀብት አፍርቷል ከተባለ አማርኛም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ስለዚህ «የዋይንድ አማርኛ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ እኛ አንወደውም። አንድ አማርኛ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። መንገድና ወንዝ ይጠማዘዛሉ፤ ፋሻ ይጠመጠማል፤ ድርና ማጉ ከመሸመኑ በፊት ክሩ ይደወራል፤ ሰዓት ይሞላል፤ የኩባንያ ሒሳብ ይጣራል፤ ሬሳ ይገነዛል፤ ሞተር ይጠቀለላል። ለዚህ ሁሉ እንግሊዝኛው አንድ ቃል ሲኖረው እኛ ሰባት አሉን። ከዚህ ወዲያ ደግሞ ችግሩ ማነስ ነው የሚል ካለ ይቍጠርና ይንገረን። በእኛ ግምት ችግሩ ያለው ተርጓሚው ፈታይዋንም፣ ሸማኔውንም፣ የሞተር ባለሙያውንም ሳይጠይቅ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ መፈለጉ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱን የጻፉትም ሰዎች እኮ ከእነዚያ ሰዎች አፍ ነው የሰሙት።

ይህን ንግግር ስናሰናዳ ግን አንድ ነገር ሳንጨርሰው ቀርቷል። በሞተር ላይ ሽቦው በሙሉ «ጥቅል» ከተባለ፣ ሽቦው አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ፣ ያን አንዱን ብቻ፣ እንግሊዞች «ተርን» የሚሉትን፣ ምን እንበለው? ከመካከላችን «ዙር» ያሉ አሉ፤ «ዙር» ግን በሩጫም በካርታ ጨዋታም የተያዘ ነው ብለው ሌሎች ተቃወሙ። «ጥምጥም» ያሉም ነበሩ፤ የቄስ ራስ ላይ ያለውን ያስመስላል ተብሎ ተሣቀበት። ከፈታይና ከሸማኔ ቤት ያደጉ ወንድሞችና እኅቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ እናውቃለን። በእናቶቻችሁ ቤት ክሩ በቀሰሙ ላይ አንድ ጊዜ ሲዞር ስም ያለው እንደ ሆነ፣ ሊቀ መንበሩ ከፈቀዱ፣ አሁኑኑ ተነሥታችሁ ንገሩን።